ማደንና ማዳን

፩

በአማርኛ «ማደን» እና «ማዳን» የሚባሉ ሁለት ግሶች አሉ። ፊተኛው አውሬን በዱካው ተከትሎ መግደል ወይም መያዝ ሲሆን፣ ኋለኛው ከሞት አፋፍ መልሶ በሕይወት ማቆየት ነው። በትርጉም አንዱ ለሌላው ባላንጣ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ግሶች የድርጊታቸውን ባለቤት በሚሰይሙበት ጊዜ ጠባቸውን ይረሱና በአንድ ፊደል ይጻፋሉ። ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ የሚገባው «አዳኝ» ነው፤ የሚሰምጠውን ሰው ከባሕር የሚያወጣውም «አዳኝ» ነው። ቃሉን ብቻውን በወረቀት ላይ ያየ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ይህ የቋንቋ አጋጣሚ እንጂ ታስቦበት የተደረገ አይደለም። ነገር ግን አጋጣሚ አንዳንድ ጊዜ የሰው ልጅ ሊያየው ያልፈለገውን ነገር ፊት ለፊቱ ያቆምለታል። በዘመናችን ስለ አደን የሚሟገቱ ወገኖች እንደ ዋና ምክንያት የሚያቀርቡት ሁለቱ አዳኞች አንድ ሰው ናቸው የሚለውን ነው። የሚገድለው እንግዳ በሚከፍለው ገንዘብ የእንስሳው ዘር ይጠበቃል፤ ጫካው ከመመንጠር ይተርፋል፤ ስለዚህ የገዳዩ እጅ የአሳዳጊም እጅ ነው ይላሉ። ለመሆኑ አንዱን በመግደል ወገኑን ማዳን ይቻላልን? ቢቻልስ የገደለው ሰው በሁለተኛው ትርጉም «አዳኝ» ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን?

እንዲህ ያለው ጥያቄ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ መልሱም ነፋስ ይሆናል። ምድር ላይ የሚቆምበት ስፍራ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ምድር ለዚህ ጥያቄ ከደጋ አጋዘን የተሻለ ምስክር አይገኝም።

፪

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይኖር እንስሳ ነው። አገሩ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያለው የባሌና የአርሲ ከፍተኛ ምድር ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ከገደለው በኋላ፣ ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው የሥነ እንስሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1910 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው፤ ስሙንም በገዳዩ ስም አወጣለት። የተራራው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀው የነበረውን እንስሳ የውጭው ዓለም ያወቀው በጥይት በኩል ነው ማለት ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያውም እስከ ዛሬ የገደለውን ሰው ስም ተሸክሞ ይኖራል።

ወንዱ ግዙፍ ነው፤ ክብደቱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ቀንዱ እንደ ጥምዝ ገመድ እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ ያደገው ወንድ ቀንድ ርዝመት በጥምዙ ላይ ሲለካ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ በአካልም ታንሳለች። ጠጉሩ ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ ነው። በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ነጭ ምልክት፣ በጉሮሮውና በደረቱ ላይ ነጭ ጥፍጥፍ፣ በጎኑ ላይ ደግሞ የበረዶ ፍንጣቂ የመሰሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ወንዱ እያረጀ ሲሄድ መልኩ ይጠቁራል።

ከሁሉ በላይ የሚስማማው 3,000 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ ምድር ነው። ኮሶና ጽድ ከበቀሉበት ደን እስከ አምጃውና አስታው ድረስ፣ ጭቁኝ ከሸፈነውም ሜዳ ዳር ድረስ ይዘዋወራል። ምግቡ በአመዛኙ የቁጥቋጦና የተክል ቅጠል ነው፤ ሣርም ይግጣል። ፀሐይ ስትበረታ ከጥላ ሥር ያርፋል፤ ማለዳና ወደ ማታ ከመሸሸጊያው ወጥቶ ይመገባል። ሰውና ውሻ በሚያውኩት ቀበሌ ግን ልማዱን ለውጦ የሌሊት እንስሳ ይሆናል። ብርሃንን ትቶ ጨለማን መምረጥ ከሰው ጋር መጎራበት ያስተማረው ጥበብ ነው።

ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር በመንጋ ይኖራሉ። ያደገው ወንድ በመንጋው ላይ እንደ ጌታ አይቀመጥም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲያረጅም ብዙ ጊዜ ብቻውን ይውላል። እናቲቱ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ እናቱ እየተመላለሰች ታጠባዋለች። በዚያን ጊዜ ነብርና ጅብ ያሰጉታል።

ሁለት ያደጉ ወንዶች በተገናኙ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ወዲያው ቀንድ ለቀንድ አይያያዙም። አንዱ ለሌላው ጎኑን ሰጥቶ፣ በጀርባው ላይ ያለውን ጋማ አቁሞ፣ እርምጃውን አዝግሞ ይዞራል። ግዝፈቱን፣ ጋማውንና ቀንዱን ያሳያል። ሌላውም እንዲሁ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ አንደኛው መጠኑን አውቆ መንገዱን ይለቅቃል፤ ደም ሳይፈስ ፍርዱ ያልቃል። ቀንድ ከመውጋት ይልቅ ለመታየት ያገለግላል ማለት ይቻላል። የመከራውም መነሻ ይኸው ነው፤ ባላንጣው የሚለካው ቀንድ አዳኙም በሜትር የሚለካው ቀንድ ነውና።

፫

በመሪ የሚደረግ አደን እንደ ቀድሞው ዘመን አደን አይደለም። በኢትዮጵያ ሥርዓቱ በሕግ የተወሰነ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ብቻ የሚከናወን ተግባር አድርጎታል። ለዚህ ከተከለሉት ቀበሌዎች መካከል በአርሲና በባሌ በኩል ሙኔሳ፣ ኦዶ ቡሉና አባሼባ ደማሮ ስማቸው የታወቀ ነው። የሚገደለው ወንድ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለእያንዳንዱ ራስ ዋጋ ይከፈላል።

እንግዳው ከሩቅ አገር ይመጣል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይቀበለዋል፤ ባለሙያውም ብቻውን አይሠራም። ከተራራው ሥር ተወልደው ያደጉ ዱካ ፈላጊዎች ከፊት ይቀድማሉ። እነርሱ የተቀነጠሰ ቅጠል አይተው እንስሳው በየት እንዳለፈ፣ በጠጡን ነክተው ከመቼ ወዲህ እንዳለፈ ያውቃሉ። ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚገለጥ፣ አጋዘኑ በየትኛው ጥግ ወጥቶ ወደ የትኛው መስክ እንደሚወርድ ይናገራሉ። እንግዳው በማቅረቢያ መነጽር ይመለከታል። መሪው የቀንዱን ዙርና የጫፉን መንጣት አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ «ይህ ገና ነው» ይላል፤ «ያኛው ደርሷል» ይላል። ቀናት እንዲህ ያልፋሉ። በመጨረሻ እንግዳው ምላጩን ይስባል።

ከዚያ በኋላ ሜትር ይወጣል፤ ቀንዱ ይለካል። እንግዳው ከወደቀው እንስሳ አጠገብ ተንበርክኮ ፎቶግራፍ ይነሣል። ራሱና ቆዳው ታሽጎ ወደ ውጭ ይላካል፤ በአንድ ሩቅ ከተማ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በዚያ ተራራ ላይ ያደነው ማን ነው? ዱካውን ያገኘው አንድ ሰው ነው፤ የመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ የተኮሰው ሦስተኛ ሰው ነው። የተኮሰው እንስሳውን አያውቀውም፤ የሚያውቁት ደግሞ መተኮስ አልተፈቀደላቸውም። በአደን ውስጥ ተጣምረው የነበሩት ዕውቀት፣ ድካምና ግድያ እዚህ ተለያይተው እያንዳንዳቸው ዋጋ ወጥቶላቸዋል። ከሁሉ ውድ ዋጋ የተከፈለውም ጥቂት ዕውቀት ለሚጠይቀው ለመጨረሻው ቅጽበት ነው።

፬

የጥንቱን ኢትዮጵያዊ አዳኝ ከዚህ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። በብዙ የአገራችን ሕዝቦች ዘንድ ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ የገደለ ሰው ማዕረጉ ከፍ ያለ ነበር። «ገዳይ» የሚለው ቃል ዛሬ ለወንጀለኛ የሚሰጥ ስም ሲሆን፣ በፉከራና በቀረርቶ ግን የሙገሳ ስም ነው። ግዳይ የጣለ ሰው ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ሴቶች ይዘፍኑለት፣ እኩዮቹ ያከብሩት ነበር። ያ ክብር የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አውሬውም ሰውየውን ሊገድለው ይችል ነበር። በጦር ወይም አንድ ጊዜ ብቻ በሚጎርስ ጠመንጃ ጎሽ ፊት የቆመ ሰው ነፍሱን አስይዞ ነበር የቆመው። ለአጋዘን ያልተፎከረውም ስለዚሁ ነው፤ የሚሸሽ እንስሳ ገድሎ መፎከር ያሳፍር ነበርና።

ይህ ሲባል የቀድሞው ሰው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ያ የጀግንነት ሥርዓት የዝሆንንና የአንበሳን ዘር ከብዙ አውራጃ አጥፍቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው የዝሆን አደንን በደንብ እንዲወሰን ማድረጋቸው፣ በኋላም በ1936 ዓ.ም. ስለ አደን አዋጅ መውጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የጥንቱ አዳኝ ድፍረት ነበረው፤ ልክ ግን አያውቅም ነበር። የዛሬው ደግሞ ልክ አለው፤ ሜትርና ፈቃድ አለው፤ ድፍረት ግን አያስፈልገውም። እንግዲህ አንዱ ከሌላው የሚማረው ነገር ቢኖርም፣ አንዱ የሌላውን ክብር ሊወርስ አይችልም። ነፍሱን ያላስያዘ ሰው ነፍሱን ያስያዘውን ሰው ፉከራ ሲፎክር ተበድሮ መልበስ ይሆንበታል።

ሆሴ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት የተባለው የስፔን ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ አደን በጻፈው ሐተታ የአደን ፍሬ ነገር ሞቱ ሳይሆን ፍለጋው መሆኑን፣ ለእንስሳውም የማምለጥ ዕድል ካልተተወለት አደን መባል እንደማይገባው ይሟገታል። ይህ አስተያየት ከአዳኙ በኩል ሲታይ ያማረ ነው። ከአጋዘኑ በኩል ሲታይ ግን ጎደሎ ነው። አዳኙ ቢስተው የሚያጣው ደስታ ነው፤ አጋዘኑ ቢመታ የሚያጣው ሁሉን ነው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንስሳት የሚጠየቀው ማሰባቸው ወይም መናገራቸው ሳይሆን መሠቃየታቸው ነው ሲል ያመለከተው ይህንኑ ነው። ካንት በበኩሉ ሰው ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለበትም ቢልም፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ልብ በሰው ላይም መጨከን እንደሚለምድ አስተምሯል። ሦስቱ በመንገድ ቢለያዩም አንዱ ስለ ሥራው፣ አንዱ ስለ ሕመሙ፣ አንዱ ስለ ልቡ ይጠይቃሉ። በእንግዳው አዳኝ ላይም ሦስቱ ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይገባል።

፭

ስለ አደን የሚሟገቱ ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የደጋ አጋዘን ቁጥር ዛሬ ከጥቂት ሺሕ አይበልጥም፤ በዓለም አቀፍ መዝገብም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ጋር ተመዝግቧል። ለዚህ ያበቃው ግን በሕግ የሚመጣው እንግዳ አይደለም። ደኑን የሚበላው መጥረቢያ ነው፤ ሽቅብ እየወጣ ያለው የገብስ እርሻ ነው፤ ግጦሹን የሚሻማው ከብት ነው፤ ግልገሉን የሚያባርረው ውሻ ነው። እንግዳው በዓመት የሚገድለው በጣት የሚቆጠር ነው፤ መጥረቢያው ግን የሚወስደው ገና ያልተወለዱትን ጭምር ነው። ጫካው በቆመበት ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ጫካውን ለማቆም የሚፈልግ ሰው ይገኛል። ሙግቱ ይህ ነው።

የታሪክ ማስረጃም አለው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ዓላማው የደጋ አጋዘንንና የቀይ ቀበሮን መጠለያ መጠበቅ ነበር። በዚያ አደን የተከለከለ ነው፤ አጋዘኑም በጋይሳይ መስክ ሰው ሳይፈራ እስኪታይ ድረስ በርክቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ ግን ጥበቃው ላልቶ ብዙ አጋዘን ተገደለ፤ ቁጥሩም በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ ተመናመነ። ከገዳዮቹ መካከል ብዙዎቹ የፓርኩ ጎረቤቶች ነበሩ። አጋዘኑን የጠሉት አጋዘን በመሆኑ አልነበረም። የእነርሱ ከብት እንዳይገባ በተከለከለበት መስክ ላይ የሚግጥ የመንግሥት ከብት ሆኖ ስለታያቸው ነው። ሰውን ረስቶ እንስሳን መጠበቅ የሚያስከትለውን ያ ዓመት በግልጽ አሳይቷል።

እንግዲህ ሙግቱ ሁለት ፊት አለው። ክልክላ ብቻውን እንደማያድን ታይቷል፤ መግደልም ብቻውን እንደማያድን ግልጽ ነው። ነገሩ ላም እሳት ወለደች እንደሚባለው ነው፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ይሁንና «ያረጀው ወንድ ከዚህ በኋላ አይጠቅምም፤ ቢገደል ጉዳት የለውም» የሚለው አነጋገር መመርመር አለበት። ለማን ነው የማይጠቅመው? ረጅም ቀንድ የተሸከመው ወንድ ዕድሜውን ሙሉ ከነብር፣ ከበሽታና ከድርቅ ያመለጠ ነው። ባላንጣው ጎኑን አይቶ መንገድ የሚለቅለት፣ በዚህም ዘሩን የሚያወርሰው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ነብር የሚይዘው ደካማውንና ግልገሉን ነው፤ እንግዳው የሚመርጠው ከሁሉ የተዋበውን ነው። እንዲያውም ቢያረጅና ብቻውን ቢውል፣ ብቸኝነቱ ለሞት መመረጫ ምክንያት መሆኑ ሰው ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ ነገር ነው። ጉልበቱ የደከመ ሁሉ የሚገባው ሞት ነው ከተባለ፣ ይህ ሚዛን ከጫካ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት የሚገባበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ሥጋውም ለአካባቢው ሕዝብ ይሰጣል ተብሎ ይነገራል። ነገር ግን በባሌና በአርሲ እስላሙም ክርስቲያኑም በራሱ ሃይማኖት ሥርዓት ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ አይበላም። በባዕድ ጥይት የወደቀ እንስሳ ለጎረቤቱ ማዕድ ይሆናል የሚለው ተስፋ ከሩቅ ሲታይ ቀላል፣ ከቅርብ ሲታይ ግን ከባድ ነው። የጎረቤቱን እምነት ሳይጠይቅ የተሰጠ ስጦታ ለሰጪው ሕሊና እንጂ ለተቀባዩ ሆድ አይሆንም።

፮

ጉዳዩ በሌላ አገር እንዴት እንደሚታይ ማነጻጸር ብርሃን ይሰጣል። ዳማ የተባለ አጋዘን አለ፤ የትውልድ አገሩ ታናሽ እስያ ነው። የኖርማን መሳፍንት እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በአጥር በከለሉት መናፈሻ ውስጥ ለአደን አረቡት። ከእንግሊዝ የፈለሱ ሰፋሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዓመታት ወደ ኒውዚላንድ ወሰዱት። በኒውዚላንድ ከሌሊት ወፍ በቀር አገር በቀል የሆነ የየብስ አጥቢ እንስሳ አልነበረም፤ ዳማውን የሚይዝ አውሬም የለም። ስለዚህ በዝቶ ጫካውን ይጎዳል፤ እርሱን መግደል ለዛፉ መድኃኒት ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ አገር አዳኙ ለጫካው «አዳኝ» ነኝ ቢል ቃሉ ከእውነት አይርቅም፤ ያመጣውም ያው ሰው ስለሆነ ግን ምስጋናው ከዕዳው ላይ ይቀነሳል።

የዳማ ወንድ ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሰፋ ነው። በሚጠቃበት ወራት፣ ይኸውም በአገሩ መከር ሲሆን፣ ስፍራ ይዞ ቀንና ሌሊት በጎርናና ድምፅ ያጓራል፤ ምግብ ይረሳል፤ ሥጋው ይጎድላል፤ ጥንቃቄውም ይጠፋል። አዳኝ መሪዎች እንግዶቻቸውን የሚወስዱት በተለይ በዚህ ወራት ነው። እንስሳው ለሕይወት ሲጣራ ሞት ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። ከዚህም ሌላ በአጥር ውስጥ ተቀልቦ ለተኳሽ የሚዘጋጅበት ስፍራ አለ፤ በዚያ አደን የሚለው ቃል ራሱ ተገድሏል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ዳማ ቀንዱን በየዓመቱ በጸደይ ይጥላል፤ ሌላም ያበቅላል። ቀንዱን ብቻ የሚሻ ሰው ቢታገሥ ከመሬት ሊያነሣው ይችላል። የደጋ አጋዘን ቀንድ ግን አይወድቅም፤ ከራስ ቅሉ ጋር የተሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቅላል። የኒውዚላንድ ገዳይ ከብዙ ላይ ይቀንሳል፤ የባሌ ገዳይ ከጥቂት ላይ ይወስዳል። ስለዚህ በአንዱ አገር የሚሠራ ክርክር ወደ ሌላው አገር ተሻግሮ ሲመጣ በድንበሩ ላይ እንደገና መፈተሽ አለበት።

፯

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ሥራና ስም መለየት አለባቸው። በችግር ጊዜ አንድን ሰጥቶ ብዙውን ማትረፍ የሚፈቀድበት ሰዓት ሊኖር ይችላል። መርከብ በማዕበል ስትናወጥ ጭነቱ ወደ ባሕር ይጣላል። ነገር ግን ጭነቱን የጣለ መርከበኛ በባሕሩ ላይ የተንሳፈፈውን ዕቃ እያየ አይጨፍርም፤ ዕቃውም በግድግዳው ላይ አይሰቀልለትም። የሚፈቀድ ነገር ሁሉ የሚፎከርበት አይደለም። የአጋዘኑ ሞት ለወገኑ ሕይወት የተከፈለ ዋጋ ከሆነ፣ እንደ ዋጋ በሐዘንና በሒሳብ ሊያዝ ይገባል እንጂ እንደ ሽልማት አይታይም። ዋጋን ሽልማት ያደረገ ሰው ሒሳቡን ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳስቷል።

ለዚህም ቀላል ፈተና አለ። ለእንግዳው «ገንዘብህን ስጥ፤ አጋዘኑ ይኑር» ቢባል ምን ይመልሳል? ቢሰጥ በእውነት አዳኝ ነው፤ ጥይቱም ትርፍ ነበር። ባይሰጥ ማዳኑ የመግደሉ ጥላ እንጂ የልቡ አሳብ አልነበረም። ጥላም ቢሆን ለደከመው ያሳርፋልና ከጥላው የሚገኘውን ጥቅም መናቅ አያስፈልግም፤ ጥላውን ዛፍ ብሎ መጥራት ግን ስሕተት ነው። የእንስሳው ሕይወት በሩቅ ሰው ፍላጎት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ፍላጎቱ በተለወጠ ቀን ገመዱ ይበጠሳል።

አደን በሚፈቀድበት ስፍራ ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ቢያንስ ሐሰቱ ይቀንሳል። መጀመሪያ፣ ቆጠራው ከገንዘቡ ነጻ በሆነ ሰው እጅ ይሁን፤ ከሞቱ የሚጠቀም ሰው የሕያዋኑን ቁጥር ሲናገር ምስክርነቱ ሙሉ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከብቱን ከጫካው ያስወጣው፣ እንጨት መልቀም የተወው ጎረቤት ድርሻው በወረቀት ሳይሆን በጎተራው ይታይ፤ ያለዚያ የ1983 ዓ.ም. ነገር በሌላ ዓመት ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ሊገድል የሚመጣውን የሚያስተናግድ ተራራ ሊያይ የሚመጣውን ከዚያ ባላነሰ ክብር ያስተናግድ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ መንገድ ይበልጥ ተከፍቷል።

ከሁሉ በላይ ግን ዱካ ፈላጊው አለ። በተራራው ላይ የቆሙት ሦስቱ ሰዎች ሲመዘኑ ዕውቀቱ የእርሱ ነው። አጋዘኑ በየት እንደሚያድር፣ እናቲቱ ግልገሏን በየትኛው ቁጥቋጦ እንደምትሸሽግ፣ አሮጌው ወንድ ጉም ሲገለጥ በየትኛው ጥግ እንደሚቆም ያውቃል። ይህ ዕውቀት እንግዳውን እየመራ ወደ አጋዘኑ ልብ ሊወስደው ይችላል፤ ወጥመድ ያጠመደውን ሰው ተከትሎ ወጥመዱንም ሊነቅል ይችላል። ዱካው አንድ ነው፤ ዓይኑም አንድ ነው፤ የሚለየው መጨረሻው ነው። በእርሱ ዘንድ «አዳኝ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ያለው የፊደል አጋጣሚ አይደለም፤ በየማለዳው የሚመርጠው ሥራ ነው። ምርጫው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም፤ ከሁለቱ ሥራዎች የትኛው እንጀራ እንደሚያበላው የሚወስነው ኅብረተሰቡ ነው።

በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይ የደጋ አጋዘን ምስል ተቀርጿል። ብዙ ኢትዮጵያውያን እንስሳውን በሕይወቱ አይተውት አያውቁም፤ በመዳፋቸው ግን ይዘውታል፤ ከፍለውበታል፤ መልስም ተቀብለውበታል። በገንዘብ ላይ መሣሉ ክብር ነው። ገንዘብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መጠበቅ ግን ሳንቲሙ የማይችለው፣ የያዘው እጅ ብቻ የሚችለው ሥራ ነው።